መተማና ገላባት፦ የአንድ የድንበር ከተማ ሁለት ስሞችና ታሪካዊ ፋይዳቸው

መግቢያ

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ጭልጋንና ገንዳ ውሃን አልፎ የሚያበቃው መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። በከተማዋ ዳር በበጋ የሚደርቅ ጅረት አለ። ከጅረቱ ማዶ ያለው ከተማ ገላባት ይባላል፤ አገሩም ሱዳን ነው። ዛሬ የሁለቱ ስሞች ድርሻ ግልጽ ይመስላል፦ ወዲህ ያለው መተማ፣ ወዲያ ያለው ገላባት። ይህ ድልድል ግን የጸናው ከ1902 የድንበር ውል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ ስሞች ለአንድ ገበያና ገበያው ለተተከለበት አካባቢ ያገለግሉ ነበር፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባም የሚደናገር አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ስሞች ታሪክ ይከተላል፤ ከእነርሱም ጋር በአካባቢው ያሉ የገዳሪፍን፣ የሰቲትንና የወድ ኤል ሒለውን ስሞች ይመረምራል። መነሻው አንድ ሐሳብ ነው። የድንበር አገር ስም ወደ አማርኛ የገባበትን መንገድ በድምፁ ይዞ ይኖራል፤ ስለዚህ ስሙን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው፣ ስሙን ያመጣው ነጋዴ፣ ወታደር፣ የውል ጸሐፊ ወይም የእርዳታ ሠራተኛ መሆኑን ብዙ ጊዜ ሊለይ ይችላል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቆላው ምድር የቀደሙ ስሞች

በቆላው ምድር ከከተሞች ስም ይልቅ የወንዞች ስም ይቀድማል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጸው የንጉሥ ዔዛና ጽሑፍ በኖባ ላይ ስለተደረገው ዘመቻ ሲተርክ ተከዜን ይጠራል። ቃሉ በግዕዝ «ተከዚ» ነው፤ ትርጉሙም ወንዝ ማለት ነው። ወንዝን «ወንዝ» ብሎ መሰየም በብዙ ቋንቋዎች የታወቀ ልማድ ሲሆን፣ የጋራው ስም ውሎ አድሮ የተጸውዖ ስም ይሆናል።

ይኸው ወንዝ ወደ ምዕራብ ሲፈስ ስሙን ይለውጣል። ደጋው ላይ ተከዜ የነበረው በሑመራ አካባቢና ከዚያ በታች ሰቲት ይሆናል፤ ሰቲትም ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ስሙን ለአትባራ ይለቃል። አትባራ ራሱ በላይኛው ክፍሉ በኢትዮጵያ ጓንግ ይባላል። አንገረብም ሱዳን ሲገባ ባሕረ ሰላም ተብሎ ይጠራል። ይህ የስም መለዋወጥ የፖለቲካ ድንበር ከመሠመሩ በፊት የነበረ ነው፤ የቋንቋዎችንና የአኗኗርን ወሰን ያሳያል እንጂ የመንግሥታትን አያሳይም። ስለዚህም አንድ የጽሑፍ ምንጭ «ሰቲት» ሲል ከቆላው ሰው አፍ፣ «ተከዜ» ሲል ከደጋው ሰው አፍ መስማቱን መገመት ይቻላል።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደርና በስናር ነገሥታት መካከል ያለው አገር በውጭ ሰዎች ዘንድ የታወቀው በራስ ኤል ፊል ስም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ ያለፈው በዚሁ በኩል ነበር። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው። «ራስ» የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም አንድ በመሆኑ ለአማርኛ ሰሚ ስሙ በግማሽ የሚገባ፣ በግማሽ ባዕድ ነበር። እንዲህ ያለ በግማሽ የሚገባ ስም በዚህ ድንበር ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ወድ ኤል ሒለው ላይ ስንደርስም እንደገና ይገጥመናል።

የተክሩሪዎች ገበያ

መተማን ትልቅ ገበያ ያደረጓት ተክሩሪዎች ናቸው። «ተክሩር» በምዕራብ አፍሪካ በሴኔጋል ወንዝ ዳር የነበረ የጥንት መንግሥት ስም ነው። በኋላ ግን ወደ መካ የሚጓዙ የምዕራብና የመካከለኛው ሱዳን ምድር ሙስሊሞች ሁሉ በዚህ ስም ተጠሩ። በመተማ የሰፈሩት አብዛኞቹ ከዳርፉር የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ከአትላንቲክ ዳር የተነሣ ስም በኢትዮጵያ ደጅ ላይ ለዳርፉር ሰዎች መጠሪያ ሆነ። የስሙ ትርጉም ከትውልድ ቦታ ወደ ጉዞ ዓላማ መዞሩን ይህ በግልጽ ያሳያል።

የተክሩሪው ሼኽ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ለያዘው ለግብፅ መንግሥትም ግብር ይከፍል ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 በዚያ ሲያልፍ ያገኘው ይህንን ሥርዓት ነው። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ ይመጣል፤ ባሪያዎችም ይሸጡበት ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ለገበያው ሕልውናው ነበር። ቦታው ሁለት ስም መያዙም ለዚህ ኑሮ እንቅፋት አልሆነም።

የድምፅ ምስክርነት

«ገላባት» በዐረብኛ ሲጻፍ በ«ቃፍ» ይጀምራል። አማርኛ «ቃፍ»ን ከተማረ ሰው ወይም ከመጽሐፍ ሲወስድ «ቀ» ያደርገዋል፤ «ቃዲ» እና «ቁርኣን» ለዚህ ምስክር ናቸው። በሱዳን ዐረብኛ ንግግር ግን «ቃፍ» እንደ «ገ» ይሰማል። አማርኛ «ቀላባት» ሳይል «ገላባት» ማለቱ ስሙ ከገበያው ንግግር በቀጥታ መወሰዱን ያረጋግጣል።

«ገዳሪፍ» የሚለውም ስም እንዲሁ ነው። በዐረብኛ በ«ቃፍ» ተጽፎ «አል» የሚለው አመልካች ይቀድመዋል፤ በአማርኛ ግን «ገ» ይዞ፣ «አል»ን ጥሎ ይገኛል። ከተማዋ ከሹክሪያ ጎሣ መሪዎች ቤተሰብ በተወሰደ ስም «ሱቅ አቡ ሲን»፣ የአቡ ሲን ገበያ፣ ተብላም ትጠራ ነበር። በሕዝብ ዘንድ የሚነገረው ማብራሪያ «ገዳሪፍ»ን ከዐረብኛ ዓረፍተ ነገር ያወጣዋል፦ «ጉዳዩን የፈጸመ ይሂድ»፤ ገበያው ሲበተን ይለፈፍ የነበረ ቃል ነው ይባላል። ይህ ማብራሪያ በሥነ ቃል ምርመራ ሚዛን ቀላል ነው። ሆኖም ቦታው በነዋሪው ልቡና ከሁሉ አስቀድሞ ገበያ መሆኑን ስለሚናገር ለታሪክ ይጠቅማል።

ለንጽጽር «ካርቱም»ን ማየት ይገባል። የዐረብኛው ስም በ«ኸ» ይጀምራል፤ በመካከሉም ጠንካራው «ጥ» አለበት። አማርኛ ይህን ድምፅ በሚገባ ያውቀዋል፤ «ሱልጣን» ብሎ ወስዶታልና። «ካርቱም» በ«ካ» እና በ«ቱ» መጻፉ ግን ስሙ ይህን ድምፅ በማይለዩ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ዞሮ መምጣቱን ያሳያል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የቀረበው ገላባት በአፍ፣ የራቀው ካርቱም በወረቀት ገባ ማለት ነው።

ይኸው መለኪያ አንድ የተለመደ ግምትን ለማረም ይረዳል። «ገላባት»ን «ጀላባ» ከሚለው የነጋዴ ስም ጋር ማያያዝ ይቀናል፤ ቦታው ገበያ ነበርና። ነገር ግን «ጀላባ» በ«ጂም» ይጻፋል፤ «ጂም» በሱዳን «ጀ» እንጂ «ገ» ተብሎ አይነበብም። «ጂም»ን «ገ» የሚለው የካይሮ አነጋገር ነው። ስለዚህ የትርጉሙ መመሳሰል ቢማርክም የድምፁ ሕግ አይደግፈውም። «መተማ»ም ቢሆን የግሉ አይደለም፤ በናይል ምዕራባዊ ዳር፣ ከሸንዲ ፊት ለፊት፣ ሌላ «አል-መተማ» የሚባል ከተማ አለ። በ1885 ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር የደረሰው፣ በ1897ም የማህዲስቶች ጦር ጀዓሊዮችን የፈጀው በዚያኛው መተማ ነው። የሁለቱን ስም ሳይለይ የዘመኑን ሰነድ የሚያነብ ተመራማሪ የአንዱን ታሪክ ለሌላው መስጠቱ አይቀርም።

ስሙ የድርጊት ስም ሲሆን

ሰኔ 3 ቀን 1884 በዐድዋ የተፈረመው የሂወት ውል ኢትዮጵያ በማህዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በግዛቷ እንድታሳልፍ አደረገ። ውጤቱ ከማህዲስቶች ጋር ጠላትነት ነበር። በ1887 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን ወጉ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ሐምዳን አቡ አንጃ ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። አማርኛ እነዚህን ጠላቶች የጠራበት ስም «ደርቡሽ» ነው፤ ከዐረብኛው «ደርዊሽ» የመጣ ሲሆን «ወ» ወደ «በ» ተለውጦበታል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በዘኪ ተመል ይመራ የነበረውን ጦር መተማ ላይ ገጠሙ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያኑ ካዘነበለ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ዐረፉ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። የሱዳንና የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህን ውጊያ በብዛት በገላባት ስም ይጠሩታል፤ ኢትዮጵያውያን ግን ከመተማ በቀር ሌላ ስም አልሰጡትም። ሁለቱም ስለ አንድ ስፍራ ነው የሚናገሩት።

ከዚያ ወዲህ «መተማ» በአማርኛ የቦታ ስም ብቻ መሆኑ ቀረ። «መቅደላ» እና «ዐድዋ» እንደሆኑት ሁሉ «ጦርነት» የሚል ቃል ሳይጨመርበት ድርጊቱን የሚጠራ ስም ሆነ። ሦስቱ ስሞች በአንድነት የሦስት ነገሥታትን ዕጣ ይናገራሉ። መተማ ግን ከሁለቱ የሚለየው፣ ስሙ ራሱ ንጉሡን በመሸከሙ ነው። የከተማዋ ሙሉ ስም ዛሬ «መተማ ዮሐንስ» ነው። በአማርኛ አሰያየም ከቦታ ስም በኋላ ያለ «የ» የሚከተለው ስም አብዛኛውን ጊዜ የታቦት ስም ነው፤ «እንጦጦ ማርያም»፣ «እንጦጦ ራጉኤል» እንደሚባለው። «መተማ ዮሐንስ» የሚለው አገጣጠም ንጉሠ ነገሥቱን በታቦት ስም ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ይህ በአዋጅ የተነገረ ሐሳብ አይደለም፤ ሰዋስዉ ብቻውን ሲናገረው ይገኛል።

መስመሩና የስሞቹ መለያየት

ዐፄ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የኢትዮጵያን ወሰን ሲዘረዝሩ ሰቲትና አትባራ የሚገናኙበትን ቶማትን፣ እንዲሁም የገዳሪፍን አገር በግዛታቸው ውስጥ ቆጠሩ። ግንቦት 15 ቀን 1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ግን ወሰኑን ከኾር ኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ዐባይ አወረደው። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛዊው መኮንን ቻርልስ ግዊን መስመሩን በምድር ላይ ምልክት አደረገበት። ገዳሪፍ በሱዳን ቀረች፤ የመተማ ገበያ ግን በመካከሉ ድንበር አለፈበት። በዚህ ጊዜ ነው ሁለቱ ተለዋዋጭ ስሞች ቋሚ ድርሻ የያዙት። ሕዝቡ የፈጠረው ልዩነት አልነበረም፤ ካርታ አንድ ቦታን በሁለት ስም ሊጽፍ ስለማይችል ለየወገኑ አንድ አንድ አከፋፈለ።

የዚህ ለውጥ ፍጻሜ በ1940 ሰነዶች ይታያል። ጣሊያኖች በሐምሌ ገላባትን ያዙ፤ ኅዳር 6 ቀን ደግሞ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው ብርጌድ ገላባትን መልሶ ቢይዝም መተማን ሊይዝ አልቻለም። በ1889 ይህ ዓረፍተ ነገር ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ ገላባትን የያዘ መተማን ያዘ ማለት ነበርና። በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ተቃራኒ ወገኖች ሆነው ተገኙ።

ሌላም ዓለም ይህን መሰል ነገር አይቷል። በአርክቲክ ደጅ ላይ ያለችው የቶርኒዮ ከተማ በ1809 ከስዊድን ወደ ሩሲያ ግዛት ስታልፍ፣ ስዊድን በወንዙ በኩል ሃፓራንዳ የተባለች ሌላ ከተማ ቆረቆረች። ስሙ በፊንላንድ ቋንቋ «የአስፐን ዛፍ ዳርቻ» ማለት ሲሆን በስዊድንኛ አፍ ተለውጦ ቀረ። እዚያ መስመሩ አዲስ ከተማ አስገኘ፤ መተማ ላይ ግን የነበረውን ስም ለሁለት ከፈለ። በሁለቱም ስፍራ የስሙ ቋንቋ ከመስመሩ ጋር አለመግጠሙ አንድ ያደርጋቸዋል፤ የስዊድኑ ከተማ ስም ከፊንላንድ ቋንቋ እንደመጣ ሁሉ፣ ከገላባት ሌላ የኢትዮጵያው መተማም በናይል ዳር ዐረብኛ ተናጋሪ ስም-አቻ አለው።

ወድ ኤል ሒለው፦ በመዝገብ የገባ ስም

ከገላባት በስተሰሜን፣ በሰቲት አገር፣ በከሰላ ግዛት ውስጥ ወድ ኤል ሒለው አለ። ስሙ ከሦስት ክፍል የተሠራ ነው። «ወድ» በሱዳን ዐረብኛ «ልጅ» ማለት ሲሆን፣ «ወለድ» ከሚለው «ለ» ወድቆ የተገኘ ነው፤ ወድ መደኒን በመሰሉ ብዙ የሱዳን ከተሞች ስም ላይ ይገኛል። «ሒለው» ጣፋጭ ከሚል ዐረብኛ ሥር ነው። ስሙ እንግዲህ የሰው ስም ነው፤ ከአባት ስም ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ወረዳ ያለፈ።

ከማዶ ለመጣ ሰው «ወድ» ባዕድ አይደለም። ትግርኛ «ወዲ» ይላል፤ ግዕዝ «ወልድ»፣ አማርኛም «ወልደ ሥላሴ» በመሰሉ ስሞች ይዞታል። አማርኛ ተናጋሪው የስሙን መጀመሪያ ከጸሎት መጽሐፉ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ከዕለት ንግግሩ ያውቀዋል። በአንጻሩ «ሒለው» ያሳስታል፤ ከግዕዙ «ሀለወ»፣ ኖረ፣ ጋር ይመሳሰላልና። ሆኖም የግዕዙ ቃል በሃሌታው «ሀ» የሚጻፍ ሲሆን የዐረብኛው በሐመሩ «ሐ» ወገን ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች አንድ ካደረገ ቆይቷል። በፊደሉ ላይ ግን ልዩነቱን ጠብቋል፤ «ሒለው» በ«ሒ» መጻፉም ለሥርወ ቃል ፈላጊ ትልቅ እርዳታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተውሉት «ኤል»ን ነው። ገላባትና ገዳሪፍ «አል»ን ጥለው ሲገቡ ይህ ስም ይዞት ገባ። አንዱ ምክንያት ሰዋስዋዊ ነው፤ አመልካቹ በሁለት ስሞች መካከል ስለሚገኝ ለመጣል አይመችም። ሌላው ምክንያት ግን ታሪካዊ ነው። ወድ ኤል ሒለው በኢትዮጵያውያን ዘንድ በስፋት የታወቀው በ1980ዎቹ የስደተኛ መጠለያ ሆኖ ነው። በ1984ና በ1985 በረኃብና በጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲፈልስ፣ ወድ ኤል ሒለው፣ ወድ ኮውሊና ኡም ራኩባ በላቲን ፊደል በእርዳታ መዝገብ ሰፍረው ለዓለም ተሠራጩ። በመካከሉ «ኤል» ተብሎ ለብቻው መጻፉ የዚያን መዝገብ ልማድ ይመስላል።

ኡም ራኩባም ስሙ የሚነበብ ነው። «ኡም» እናት ማለት ሲሆን በቦታ ስም ላይ እንደ አማርኛው «ባለ» ያገለግላል፤ «ራኩባ» ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ የጥላ መጠለያ ነው። ቦታው «ባለ ዳሱ» እንደማለት ነው። በ1984 ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመወሰዳቸው በፊት ብዙ የሞቱበት፣ ከኅዳር 2020 ጀምሮም ከትግራይ የተሰደዱት በሐምዳየት በኩል አልፈው የሰፈሩበት ይኸው ስፍራ ነው። ዳስ ለአንድ ወቅት የሚሠራ ነገር ነው፤ ይህ ስም ግን በሠላሳ ስድስት ዓመት ልዩነት ሁለት ትውልድ አስተናገደ።

ከሚያዝያ 2023 በኋላ የሰዎቹ ጉዞ ተገለበጠ። የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን በገላባት አድርገው ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ኩመርና አውላላ የሚባሉ የአማራ ክልል ስሞችም በበኩላቸው በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። የስም ጉዞ ሁልጊዜ ከቆላ ወደ ደጋ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስታውሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የታየው ለሥነ ልሳን ተመራማሪው ሦስት ነገር ያስጨብጣል። አንደኛ፣ «መተማ» ወይም «ገላባት» የሚል ሰነድ ሲገኝ ከ1902 በፊት ወይስ በኋላ መጻፉ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ስሙ የሚያመለክተው መሬት ከዘመኑ ጋር ይለወጣልና። ሁለተኛ፣ የ«ገ» እና የ«ቀ»፣ የ«ጥ» እና የ«ት»፣ የ«አል» መኖርና አለመኖር ተራ የአጻጻፍ ልዩነት ተደርጎ ወደ አንድ መልክ መታረም የለበትም፤ ቃሉ የመጣበትን መንገድ የሚመሰክረው ይኸው ልዩነት ነውና። በካርታና በመማሪያ መጻሕፍት ስሞቹን ከመደበኛው ዐረብኛ ጋር ለማስማማት «ቀላባት»፣ «ቀዳሪፍ» ብሎ መጻፍ የጥንቃቄ መልክ ቢኖረውም፣ የብዙ ትውልድ የገበያ ንግግርን ማስረጃ ያጠፋል።

ሦስተኛው ከምሁራን ክበብ የወጣ ነው። በሰቲትና በአትባራ መካከል ባለው በአል-ፋሽጋ ምድር ላይ ያለው ክርክር አልተዘጋም፤ በ2020 መጨረሻም የሱዳን ጦር ወደዚያ ገብቷል። እንዲህ ባለ ክርክር አንድ ስም ከአንድ ቋንቋ መምጣቱ የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ይታያል። የመተማና የገላባት ታሪክ ይህን አይፈቅድም። በኢትዮጵያ ያለችው ከተማ ስም በናይል ዳር አቻ አለው፤ ገበያውን ያቀኑት ከዳርፉር መጥተው በሴኔጋል ስም ተጠርተዋል፤ «ወድ» የሚለው ቃል በድንበሩ ግራና ቀኝ ዘመድ አለው። ስሞቹ ማን ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ ይመሰክራሉ፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ግን ሊፈርዱ አይችሉም። ለምስክርነታቸው ተገቢውን ክብር መስጠትና ያልተሰጣቸውን የዳኝነት ሥልጣን አለመጫን የዚህ ዘርፍ ተመራማሪዎች ድርሻ ነው።